ሙዚቃ የሚማሩ ልጆችና የጉዞ ኢንሹራንስ፦ ከከተማው ዳር የሚነሱ ጥያቄዎች

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከየካ አባዶና ከጀሞ ወላጆችና የወጣት ሙዚቃ ቡድኖች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጫለሁ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምራል እንዴ?

አዎ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ድራማና ሥዕል አንድ ላይ የሚሰጡበት ነው። የተለየ ክፍያ የለውም።

ችግሩ መጽሐፉ ላይ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ነው። በእኛ አካባቢ ይህን ትምህርት የሚይዘው ብዙ ጊዜ ክፍለ ጊዜ ያልሞላለት የሌላ ትምህርት መምህር ነው። መሣሪያም የለውም። ስለዚህ ካርዱ ላይ ያለውን ውጤት ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ማታ ልጁን "ዛሬ በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ምን ሠራችሁ?" በሉት። "ሰዓቱን ሒሳብ ወሰደው" የሚል መልስ በተደጋጋሚ ከሰማችሁ፣ ልጃችሁ መብቱ የሆነ ትምህርት እየቀረበት ነው። ይህን ለርእሰ መምህሩ መናገር ነገር ፍለጋ አይደለም።

ትምህርት ቤቱ መሣሪያ የለንም ይላል። ምን ማድረግ እንችላለን?

መጀመሪያ በትክክል አለመኖሩን አጣሩ። ኪቦርድ ስቶር ውስጥ ተቆልፎ፣ አዳፕተሩ ጠፍቶ፣ አቧራ ለብሶ የተቀመጠበት ትምህርት ቤት አውቃለሁ። ለአዳፕተር የሚወጣ ገንዘብ ሙሉ የሙዚቃ ክበብ ያስነሳል።

በእርግጥም ከሌለ መንገዱ ወተመህ ነው፤ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የማሻሻያ ዕቅድ ያወጣል። የድጎማ በጀቱም በዚያ ዕቅድ መሠረት ነው የሚወጣው። ዕቅዱ ሲዘጋጅ "ሁለት ክራር፣ አንድ ከበሮ፣ ሁለት ዋሽንት" ብሎ የሚያስጽፍ ወላጅ ከሌለ ማንም አያስታውሰውም። ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ መጮህ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት መቀጠር ነው። በጊዜ ሂዱ፣ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተቻለ ሦስት አራት ወላጆች አብራችሁ ሂዱ።

ከተማ አስተዳደሩ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር መሸፈን ችሏል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ የብዙ እናቶችን ሸክም አቅልሏል። ያንን የቻለ አስተዳደር ለአንድ ትምህርት ቤት ጥቂት ክራር ማቅረብ አያቅተውም። የጎደለው ጠያቂ ነው።

ከትምህርት ቤት ውጭ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የት ይማራሉ?

በየክፍለ ከተማው ያሉ የወጣት ማዕከላት የመጀመሪያው በር ናቸው። ሁሉም እኩል አይሠሩም። አንዱ ጋ የኪነት ቡድን በየሳምንቱ ይለማመዳል፣ ሌላው ጋ ፑል ቤት ብቻ ይሆናል። ሄዶ ማየት ነው። ሁለተኛው በር በክፍለ ከተማና በወረዳ ደረጃ ያለው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። አማተር የኪነ ጥበብ ክበባትን የሚመዘግበውና ለመድረክ የሚጋብዘው እሱ ነው። ቡድናችሁ እዚያ ካልተመዘገበ ለልምምድ አዳራሽ ሲጠየቅም፣ ለጉዞ የድጋፍ ደብዳቤ ሲፈለግም "እነማን ናችሁ?" መባል አይቀርም።

ሰንበት ትምህርት ቤቶችንም አትርሱ። የመንግሥት ባይሆኑም በገናና ከበሮ በደንብ የሚያስተምሩ አሉ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምንኖረው። ልጁ በምን መሣሪያ ይጀምር?

በክራር። ድምፁ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት አያውክም፣ መብራት አይፈልግም፣ በሚኒባስ ታክሲ ጭን ላይ ይያዛል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስድስት ክሮቹን ወደ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እየቀየረ የሚቃኝ ልጅ ጆሮው ይከፈታል። በኋላ ጊታርም ኪቦርድም ሲይዝ አይከብደውም።

ሲገዙ አንድ ነገር ያስተውሉ፦ ክሩ የሚጠመጠምበትን ቀንበር ይዩት። ክሩ ከተወጠረ በኋላ ጥቂት ጠብቀው እንደገና ይምቱት። ቅኝቱ ወዲያው ከወረደ ልጁ ሙዚቃ ሳይሆን ክር ማጥበቅ ሲማር ይውላል፣ ይሰለቻል፣ ይተወዋል።

መኖሪያችን ሸገር ከተማ ውስጥ ነው፣ ሥራችን አዲስ አበባ። የየትኛውን ድጋፍ ነው የምንጠይቀው?

የምትኖሩበትን አስተዳደር። ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ከሆናችሁ ትምህርት ቤቱም የባህል ጽሕፈት ቤቱም በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው። መታወቂያችሁ የሸገር ሆኖ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ጋ ብትሰለፉ የሚባክነው የእናንተ ቀን ነው።

ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. የወሰን ስምምነት ወዲህ አስተዳደራቸው የተቀየረ ሰፈሮች ስላሉ፣ የቆየ መታወቂያ የያዘ ሰው መጀመሪያ ወረዳውን ያረጋግጥ። በወሰኑ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ልጆች አንድ ቡድን ውስጥ ካሉ ደግሞ ቡድኑ በአንዱ ብቻ ይመዝገብ። አባል መሆን በመኖሪያ አይከለከልም።

ለመሆኑ ሙዚቃ ማስተማር የመንግሥት ግዴታ ነው? ወይስ ውለታ ነው የምንጠይቀው?

ግዴታ ነው፤ በአቅም የተገደበ ግን የተጻፈ ግዴታ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለኪነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 91 ደግሞ አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን የማስፋፋት ግዴታ ይጥልበታል። ደብዳቤ ስትጽፉ እነዚህን ሁለት አንቀጾች ጥቀሱ። ቢሮ ውስጥ የሚያነባችሁ ሰው አጻጻፋችሁን ቁም ነገር ብሎ ይይዘዋል።

ታሪካችንም ይህንኑ ይመሰክራል። ዘመናዊ ሙዚቃ እዚህ አገር የገባው በመንግሥት ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ነሐስ መሣሪያ የሚጫወት ባንድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች መጡ። ጥላሁን ገሠሠንና ማሕሙድ አሕመድን ያወጣው የክብር ዘበኛ ባንድ ነው። ደመወዝ፣ መሣሪያና መምህር ከመንግሥት ነበር። አንድ የዳር ሰፈር ልጅ ዛሬ ያንን ዕድል ቢጠይቅ አዲስ ነገር አልጠየቀም።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ምን ያስፈልጋል?

ያሬድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ስለዚህ ለመደበኛው የዲግሪ ትምህርት የ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፍ ይጠይቃል፤ በላዩ ላይ የተሰጥኦ ፈተና አለ። ፈታኞቹ ምት የመያዝ፣ ድምፅ ሰምቶ የመመለስና መሣሪያ የመጫወት ችሎታን ያያሉ። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የመግቢያ መስፈርቱንና ክፍያውን ራሱ ስለሚወስን፣ ካለፈው ዓመት ተማሪ የሰማችሁትን ይዛችሁ አትቅረቡ። የዘንድሮውን ማስታወቂያ አንብቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ጎበዝ ሳክስፎን ተጫዋች የሆነ ልጅ በፊዚክስ ምክንያት በሩ ሊዘጋበት ይችላል። ይህ ያመኛል። ስለዚህ ያሬድን ብቻ አትጠብቁ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን ጠይቁ፣ የፖሊስና የመከላከያ ሙዚቃ ክፍሎች ቅጥር ሲያወጡ ተከታተሉ። ልጁም ትምህርቱን ለሙዚቃው ብሎ ያጥና።

ቡድናችን ውጭ አገር ተጋበዘ። የጤና መድን ደብተር አለን፤ አይበቃም?

አይበቃም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እዚሁ አገር ውስጥ፣ ውል ባላቸው ጤና ተቋማት ነው የሚሠራው። ሮም ላይ ትርፍ አንጀት ለያዘው ልጅ ምንም አያደርግለትም። የጉዞ ኢንሹራንስ የሚባለው ሌላ ነው፤ ድንገተኛ ሕክምናን፣ ታማሚን ወደ አገር መመለስን፣ ሞት ካጋጠመ አስከሬን ማምጣትን፣ አንዳንዴም የጠፋ ሻንጣን ይሸፍናል።

የሚሸጡት አገር ውስጥ ያሉ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ናቸው። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የመንግሥቱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት አለ፤ በርካታ የግል ኩባንያዎችም አሉ። ፒያሳ ወይም ቦሌ ድረስ ከመሄድ በፊት ቅርንጫፍ አቅራቢያችሁ መኖሩን ጠይቁ። ኤጀንት ነኝ ባይ ሰፈር ድረስ ከመጣ ግን በኩባንያው ስም የተቆረጠ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብር አትስጡ።

ለሸንገን ቪዛ ምን ዓይነት ኢንሹራንስ ነው የሚጠየቀው?

ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን። በሁሉም የሸንገን አገሮች፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ የሚሠራና የቆይታውን ቀን በሙሉ የሚይዝ መሆን አለበት። ድንገተኛ ሕክምና፣ ሆስፒታል መተኛት፣ ለሕክምና ወደ አገር መመለስና ሞት ውስጡ መጠቀስ አለባቸው። አንድ ቀን እንኳ ከጎደለ ማመልከቻው ችግር ይገጥመዋል። በረራ ሊዘገይ ስለሚችል ሁለት ሦስት ቀን ትርፍ አድርጋችሁ ግዙ።

የቪዛ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ 6 ዓመት ለሞላውና 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ነው። ብዙ ቡድን የማያውቀው ነገር አለ፦ ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚሄዱ ተማሪዎችና አብረዋቸው የሚሄዱ መምህራን ከክፍያው ነፃ ናቸው። ዕድሜያቸው 25 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅትን ወክለው፣ እንዲህ ያለ ድርጅት ባዘጋጀው የባህል ዝግጅት ላይ የሚሳተፉ ወጣቶችም እንዲሁ። ይህ እንዲሠራላችሁ ጋባዡ ድርጅት ለትርፍ ያልቆመ መሆኑ፣ ዝግጅቱና የልጆቹ ስም በግብዣው ደብዳቤ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ቪዛ ማመልከቻ ማዕከሉ ለብቻው የሚያስከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ግን ሊኖር ይችላል።

ጊዜውንም አስሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚሰጠውን መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሟል። ግብዣው ሲደርሳችሁ ወዲያው ጀምሩ።

የኢንሹራንሱን ብር ማን ይክፈል?

ጋባዡን ጠይቁ። ብዙ የባህል ፌስቲቫሎች ትኬትና ማረፊያ ሲሸፍኑ ኢንሹራንሱን ይዘነጉታል እንጂ እምቢ አይሉም። አንድ መስመር ኢሜይል ይበቃል። ካልሆነ ለቡድን አንድ ላይ ግዙ። የቡድን ዋጋ መኖሩን ሳትጠይቁ በነፍስ ወከፍ አትክፈሉ። ወረዳው ወይም ክፍለ ከተማው "ልጆቻችን ናቸው" ብሎ መድረክ ላይ ሲያመሰግናችሁ አረቦኑን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ እንዲሸፍን መጠየቅም ነውር የለበትም።

ከአባሎቻችን አንዱ ዓይነ ስውር ነው፣ አንዷ የስኳር ሕመም አለባት። ኢንሹራንስ ሊከለክሏቸው ይችላሉ?

ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

ዓይነ ስውርነት ሕመም አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 25 በጤናና በሕይወት መድን ላይ በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል፤ መድኑ በፍትሐዊና ምክንያታዊ መንገድ እንዲሰጥም ይጠይቃል። የጉዞ ኢንሹራንስ ዋናው ክፍል ሕክምና ነውና ይህን ጠቅሳችሁ መከራከር ትችላላችሁ። አንድ ቢሮ ውስጥ "ከሱ ጋር አጃቢ ካልገዛ አንሸጥም" ሲባል አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። ልጁ በገናውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አሥሩን ክር በጣቱ እየዳሰሰ ዝም አለ። "መመሪያው የት ጋ ነው የተጻፈው? በጽሑፍ ስጡን" ስንል ግን ሸጡለት። እናንተም በቃል የተነገራችሁን ክልከላ በጽሑፍ ጠይቁ። አብዛኛው ክልከላ ወረቀት ላይ ሲወርድ ይጠፋል።

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ ኤችአይቪ የመሳሰሉት ላይ ጥያቄው ይለያል። ኩባንያዎች ውሉን ይሸጣሉ፤ ግን ቀድሞ የነበረ ሕመም የሚያስከትለውን ወጪ ብዙ ጊዜ አይሸፍኑም። ይህ ማለት ስኳር ያለባት ልጅ ብትወድቅና እጇ ቢሰበር ይከፈላል፣ ስኳሯ ቢያሻቅብ ላይከፈል ይችላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት "ድንገተኛ መባባስን የሚሸፍን አማራጭ አላችሁ?" በሉ። ከተለያዩ ኩባንያዎች መልሱ የተለያየ ነው። ቅጹ ላይ ሕመሙን መደበቅ ግን በፍጹም አይሁን። የ1952ቱ የንግድ ሕግ መድን ገቢው፣ ማለትም ኢንሹራንስ የሚገዛው ሰው፣ እውነቱን እንዲናገር ያስገድዳል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። መድኃኒቷን በእጅ ሻንጣ፣ በሐኪም ማዘዣና በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ትያዝ።

መድረክ ላይ ስንጫወት ብንጎዳ ይሸፍናል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተራው የጉዞ ፖሊሲ፣ ማለትም የኢንሹራንሱ ውል፣ የተዘጋጀው ለጎብኚ ነው። አንዳንዱ ውል ደመወዝ ወይም ክፍያ በሚያስገኝ ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትን ያስቀራል። እስክስታ ሲመታ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ተወዛዋዥ "ሥራ ላይ ነበርክ" ሊባል ይችላል። ስትገዙ የጉዞው ዓላማ የባህል ትርኢት መሆኑን በግልጽ አስጽፉ። የማይሸፈኑ ነገሮችን የያዘውን ገጽ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ካልገባችሁ በአማርኛ አስረዱን በሉ።

ክራሩ ወይም ሳክስፎኑ በጉዞ ላይ ቢሰበር ማን ይከፍላል?

መጀመሪያ አየር መንገዱ ነው። የአየር መንገዶችን ኃላፊነት በሚወስነው ዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተመዘገበ ሻንጣ ኃላፊነቱ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ መንገደኛ እስከ 1,519 ኤስዲአር ይደርሳል። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። ኢትዮጵያም ስምምነቱን ተቀብላለች። ጉዳቱን ሻንጣው በተረከባችሁ በ7 ቀን ውስጥ፣ መዘግየቱን በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ግድ ነው። ከዚያ ካለፈ መብቱም አብሮ ያልፋል። ይልቁንስ ከአየር ማረፊያው ሳትወጡ አስመዝግቡ፣ ፎቶ አንሡ።

የጉዞ ኢንሹራንሱ ሻንጣ ቢሸፍንም ለአንድ ዕቃ የሚከፍለው ጣሪያ አለው፤ መሣሪያን ጭራሽ የሚያስቀርም አለ። ውድ መሣሪያ ካላችሁ የግዢ ደረሰኙንና ፎቶውን ያዙ። ከበሮና በገና ጠንካራ ሣጥን ይፈልጋሉ። ያረጀ፣ ቅርስ ሊባል የሚችል በገና ወይም ጸናጽል ከሆነ ደግሞ ከአገር ለማውጣት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። አዲስ የተሠራ መሣሪያ እንኳ ቢሆን ደረሰኙን ይዞ መሄድ ኤርፖርት ላይ ከክርክር ያድናል።

ቪዛው ቢከለከል የከፈልነው አረቦን ይመለሳል?

እንደ ውሉ ነው። የክልከላ ደብዳቤው ሲቀርብ፣ ዋስትናው ከሚጀምርበት ቀን በፊት ከሆነ፣ የአገልግሎት ወጪ ቀንሰው የሚመልሱ ኩባንያዎች አሉ። ይህን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁና ውሉ ላይ የት እንደተጻፈ አሳዩን በሉ። የቪዛ ክፍያው ግን አይመለስም።

ኩባንያው ካሳ አልከፍልም ካለስ?

በቅድሚያ የእናንተን በኩል አሟሉ። ውጭ አገር ስትታመሙ ከመታከም በፊት፣ ካልተቻለም ወዲያው፣ ፖሊሲው ላይ ወዳለው የእርዳታ ስልክ ደውሉ። የደወላችሁበትን ሰዓትና ያነጋገራችሁን ሰው ጻፉ። ደረሰኝ፣ የሐኪም ሪፖርትና የመሳፈሪያ ካርድ አትጣሉ። ሳይደወል በራስ ገንዘብ መታከም ካሳ ለመከልከል ምቹ ምክንያት ይሆናል። በቡድን ስትሄዱ ስልኩን ሁሉም አባል በስልኩ ይመዝግብ፤ መሪው ብቻ ይዞት እሱው ቢታመምስ?

ከዚያ በኋላም እምቢ ካሉ እምቢታውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ተቀበሉ። ለኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት አቤት በሉ። እዚያ ካልተፈታ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ አቤቱታችሁን ከሰነዶቹ ቅጂ ጋር እዚያ አስገቡ። ፍርድ ቤት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ዋናውን ሰነድ ለማንም አትስጡ፣ ቅጂ ብቻ አስገቡ፤ ባስገባችሁት ቅጂ ላይም የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና ቀን አስመቱ።